ለደሴና ወልዲያ መንገድ ከክሩዘር ወደ ስፖርት ቱሪንግ መቀየር ያዋጣል?

ጥያቄ፦ የደሴ ነዋሪ ነኝ። ዕድሜዬ 52፣ ቁመቴ 1.68 ሜትር፣ ክብደቴ 74 ኪሎ ነው። እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ የሚነዳ 650 ሲሲ ክሩዘር አለኝ። በየሳምንቱ ለሥራ ወልዲያ ደርሼ እመለሳለሁ፤ አልፎ አልፎ ባለቤቴን አፈናጥጬ ኬሚሴ እወርዳለሁ። ውጫሌ ሳልደርስ ወገቤንና መቀመጫዬን ይቆረጣጥመኛል። ስፖርት ቱሪንግ ለረጅም መንገድ ይመቻል ይሉኛል፤ ያገለገለ ያማሃ ኤፍጄአር 1300 እና ካዋሳኪ ቨርሲስ 650 ቀርበውልኛል። ብቀይር ይሻለኛል? የትኛውን ልያዝ?

ምላሽ፦ ጋሼ፣ ቢቀይሩ ይሻልዎታል። ከሁለቱ ደግሞ ቨርሲሱን ይያዙ። ምክንያቱ ግን የወንበሩ ልስላሴ ወይም የሞተሩ ትልቅነት አይደለም። ሕመሙ ከየት እንደሚመጣ ሳይለዩ ሞተር ቢቀይሩ ከወገብዎ ወደ እጅ አንጓዎ ሊዛወር ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን እንይ።

ክሩዘር ላይ እግር ከዳሌ ብዙ ቀድሞ ይዘረጋል። ያኔ ዳሌ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ ወገብ ተፈጥሯዊ ቅስቱን ያጣል፣ ከወገብ በላይ ያለው ክብደት በሙሉ ጭራ አጥንት አካባቢ ባለች ትንሽ ቦታ ላይ ያርፋል። እግር ምንም አይሸከምም። መሪው ሩቅ ከሆነ እጅም ሰውነትን ይጎትታል እንጂ አይደግፍም። ጉድጓድ ሲመጣ ከወንበር ብድግ ልበል ቢሉ በመሪው ራስዎን መጎተት ግድ ይሆናል፤ መርገጫው ከሥርዎ የለማ!

ሁለተኛው ጥፋተኛ የኋላ ሾክ ነው። ወንበሩ ዝቅ እንዲል ሲባል ብዙ ክሩዘሮች ለኋላ ጎማ የሚተዉለት የመንቀሳቀሻ ርዝመት ከ40 እስከ 100 ሚ.ሜ. ነው። ስፖርት ቱሪንጎች ከ120 እስከ 145 ሚ.ሜ. ይሰጣሉ። ሾኩ አጭር ሲሆን ፋብሪካው በቶሎ ወለል እንዳይመታ ሞላውን ያጠነክረዋል፤ የተቦረቦረ አስፋልትና የከተማ መግቢያ ፍጥነት መቀነሻ ሁሉ ሳይበርድ አከርካሪ ይደርሳል። ወንበር ላይ ስፖንጅ ያስጨመሩ ሰዎች ከሳምንት በኋላ ያው ሕመም የሚመለስባቸው ለዚህ ነው። ለስላሳ ስፖንጅ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተጨፍልቆ ያልቃል፤ ከዚያ የሚቀመጡት ከሥሩ ባለው ፕላስቲክ ላይ ነው።

ስፖርት ቱሪንግ ላይ መርገጫው ከዳሌ ሥር ወይም ትንሽ ወደ ኋላ ይሆናል፣ ደረትም ጥቂት ወደ ፊት ያዘነብላል። ክብደቱ በመቀመጫ፣ በጭንና በእግር ይከፋፈላል። ጉድጓድ ሲያዩ መርገጫውን ረግጠው ከወንበሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ቢሉ ጉልበትዎ እንደ ተጨማሪ ሾክ ይሠራል። ለወገብዎ ከምንም በላይ የሚበጀው ይህ ነው፤ ከወንበሩም፣ ከፓራብሬዛውም ይበልጣል።

አሁን ሻጮች የማይነግሩዎትን ልጨምር። የስፖርት ቱሪንግ አቀማመጥ የተሠራው በሰዓት 110 እና 120 ኪሎ ሜትር ለሚነዳበት አውራ ጎዳና ነው። በዚያ ፍጥነት ነፋሱ ደረትን ወደ ላይ ይገፋል፣ እጅም ይቀልለዋል። የእርስዎ መንገድ እንዲህ አይደለም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ያን ሁሉ ልዩነት የሐረጎ ተራራ መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይወርደዋል። ከውጫሌ ወደ ውርጌሳ የሚወርደውም ከዚያ የሚተናነስ አይደለም። በሰዓት 40 እና 50 እየሄዱ ቁልቁል ሲወርዱ የሚደግፍ ነፋስ የለም፤ ሰውነት ወደ ሰልባትዮው (ወደ ነዳጅ ታንኩ) ይንሸራተታል፣ ክብደቱም አንጓ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ለወሎ መንገድ መሪው ከፍ ብሎ ወደ ነጂው የቀረበ፣ ቀጥ አድርጎ የሚያስቀምጥ ዓይነት ይመረጣል። ዝቅ ያለና ከፎርኩ፣ የፊት ጎማን ከያዙት ዘንጎች፣ ጋር የተቆለፈ መሪ ያለው ለእርስዎ አይሆንም። በነፋስ ከለላ የሚጠቀሙት ከኮምቦልቻ በሐርቡ አድርገው የጨፋን ሜዳ ሲያቋርጡ ብቻ ነው።

ወደ ሁለቱ ሞተሮች እንምጣ። ኤፍጄአር 1300 የሚታማ ሞተር አይደለም፤ አራት ሲሊንደር፣ 1,298 ሲሲ፣ ካቴና ሳይሆን ዘንግ የሚያሽከረክረው፣ 25 ሊትር ቤንዚን የሚይዝ፣ ንዝረቱ እጅግ አነስተኛ ነው። ወንበሩም 805 ሚ.ሜ. ላይ ስለሚስተካከል ለቁመትዎ ይመቻል። ችግሩ ክብደቱ ነው። ነዳጅ ሲሞላ 290 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ደሴ ውስጥ ዳገት ላይ ያለ ኮብልስቶን፣ ዝናብ ያረጠበው፣ ከኋላ ሰው ያለበት ሲሆን ያን ማዞር የ52 ዓመት ወገብ የሚያስፈልገው ሥራ አይደለም። የኋላው የመንቀሳቀሻ ርዝመትም 125 ሚ.ሜ. ነው። ሆዱ ከመሬት 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ስለሚል ያልታወቀ ፍጥነት መቀነሻ ላይ የጭስ ቱቦው ሊገጭ ይችላል።

ቨርሲስ 650ን አንዳንዱ ከአድቬንቸር ይመድበዋል። ሁለቱም ጎማው 17 ኢንች፣ ባሕርይውም የአስፋልት ስለሆነ ከስፖርት ቱሪንግ ጋር ማየቱ ይቀናኛል። ከ2015 ወዲህ ያለው ስሪት 216 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከኤፍጄአር ከ70 ኪሎ በላይ ይቀልላል፤ አንድ ሙሉ ሰው ማለት ነው። የፊት ሾክ 150፣ የኋላ 145 ሚ.ሜ. ይጓዛል፣ ከመሬት 170 ሚ.ሜ. ከፍ ይላል፣ 21 ሊትር ይይዛል። ጉልበቱ 69 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ደሴ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ማንኛውም የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል፤ ከ50 በላይ ይቀርልዎታል፣ ሐረጎን ከነተፈናጣጩ ለመውጣት ይበቃል። ነዳጁ በኢንጀክሽን ስለሚገባ ድብልቁን ከከፍታው ጋር ራሱ ያስተካክላል፤ አሮጌ ካርቡሬተር ያለው ክሩዘር ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋው ይህን ማድረግ ስለማይችል ነው።

የቨርሲስ ጉድለት የወንበሩ ከፍታ ነው፤ 840 ሚ.ሜ.። በ1.68 ሜትር ቁመት ሁለቱም ተረከዝ አይነካም፣ የእግር ጣቶችና የውስጥ እግር ግማሽ ብቻ ይደርሳሉ። ወንበሩ ከፊት ጠባብ መሆኑ ጥቂት ያግዛል። ለዚህ ብለው ሾኩን በአጭር ማያያዣ አያስወርዱ፤ የሚገዙበትን የመንቀሳቀሻ ርዝመት ራስዎ እያባከኑት ነው። ከወንበሩ ፊት ለፊት፣ ጭን በሚያርፍበት ጎንና ጎን ስፖንጁን 15 ሚ.ሜ. ያህል ማስጠረብ ይሻላል። ሲቆሙም አንድ እግር ብቻ ማውረድ ይልመዱ፤ ግራው መሬት፣ ቀኙ የኋላ ፍሬን ላይ። ዳገት ላይ ሲያቆሙ ከፍ ወዳለው በኩል ያለውን እግር ያውርዱ።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይቀመጡበት፤ ለሁለት ደቂቃ ሳይሆን ቢያንስ ለ20 ደቂቃ፣ በሚነዱበት ጫማና ጃኬት። ሰው ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ይያዝልዎ። ጉልበትዎ ከ90 ዲግሪ ብዙ አጥሮ ከታጠፈ በኋላ ላይ ይቆረጥምዎታል። ዓይንዎን ጨፍነው እጅዎን ወደ መሪው ሲዘረጉ መያዣውን ትከሻ ሳይንጠራራ፣ ክርንም ጥቂት ታጥፎ ሊያገኙት ይገባል። ከዚያ መርገጫውን ረግጠው ከመሪው ሳይጎትቱ ይነሱ። መነሳት ከቻሉ መርገጫው ቦታው ላይ ነው። ሻጩ ከፈቀደ መሞከሪያው ሐረጎ ነው፤ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች። ሜዳ ላይ የማይመች ሞተር የለም።

ከገዙ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ሾኩን በክብደትዎ ልክ ማስተካከል ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ሳያደርግ ዓመታት ይነዳል፣ ከዚያ ወንበሩን ያማርራል። የሚያስፈልገው ሜትርና ሁለት ረዳት ነው። የኋላው ጎማ ከመሬት እስኪነሳ ሞተሩን ያስነሱና ከጎማው መሐል አንስቶ በቀጥታ ወደ ላይ እስከ አንድ ምልክት ያለውን ርቀት ይለኩ። ከዚያ ሞተሩ ብቻውን መሬት ላይ ሆኖ ይለካ። በመጨረሻ እርስዎ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ እግርዎን መርገጫ ላይ አድርገው ተቀምጠው ይለካ። ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት ሞተሩን ሁለት ጊዜ ጫን ጫን ያድርጉት፤ አለበለዚያ ሾኩ ሲተሻሽ ስለሚይዝ ቁጥሩ ይዋሻል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው ልዩነት ከጠቅላላው ርዝመት 30 እስከ 33 ከመቶ፣ ለቨርሲስ ከ43 እስከ 48 ሚ.ሜ. መሆን አለበት። ከበዛ ሞላውን ያጥብቁ፣ ካነሰ ያላሉ። ይህ ተስተካክሎ ሞተሩ ብቻውን ሲቆም ከ5 ሚ.ሜ. በታች ብቻ የሚወርድ ከሆነ ግን ሞላው ለክብደትዎ ለስላሳ ነው ማለት ነው፤ ብዙ ስላጠበቁት ነው የደረሰው። ከ10 እስከ 15 ቢወርድ ጤነኛ ነው።

ባለቤትዎ ሲፈናጠጡ የኋላው እንደገና መጥበቅ አለበት። ከ2015 ወዲህ ያለው ቨርሲስ ለዚህ በእጅ የሚዞር መቆጣጠሪያ ከጎኑ አለው፤ መፍቻ አያስፈልግም። ይህ ካልተደረገ የኋላው ይወርድና የፊቱ ይቀልላል፣ መሪውም ኩርባ ላይ ይንሳፈፋል። የፊት መብራቱም ሰማይ ሰማይ ያያል።

ቀጥሎ እጅ። የፍሪሲዮንና የፍሬን ማንሻዎች ክንድዎ በተፈጥሮ በሚወርድበት መስመር ላይ ይሁኑ፤ ጣት ሲዘረጋ አንጓ ወደ ላይ ከታጠፈ ብሎኑን አላልቶ ማንሻውን ወደ ታች ማዞር ነው። አንጓ አሁንም ከደከመ ከመሪው ሥር የሚገባ 20 ወይም 25 ሚ.ሜ. ከፍ ማድረጊያ ያስገቡ። በአካባቢዎ ቶርኖ ቤት ሊያሠሩት ይችላሉ፤ ከጠንካራ አሉሚኒየም ይሁን፣ ብሎኖቹም በዚያው ልክ ይርዘሙ። ከተገጠመ በኋላ መሪውን ወደ ሁለቱም ጫፍ አዙረው የፍሬን ቱቦው፣ ሽቦዎቹና ገመዶቹ አለመወጠራቸውን ሳያዩ አይንቀሳቀሱ።

ወንበሩ ወደ ፊት የሚያንሸራትትዎ ከሆነ ወንበሩ በፊት በኩል ከሚያርፍባቸው ትናንሽ የላስቲክ እግሮች ሥር 8 ወይም 10 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ላስቲክ ቢጨመር ይስተካከላል። የሚያንሸራትተው አብዛኛውን ጊዜ አንጸባራቂው ፕላስቲክ ልባስ ነው። እኛ አገር ለዚህ ከውጭ ከሚመጣ ጄል የሚሻል ነገር ሞልቷል፤ አጎዛ። ጠጉሩ በ2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር የተከረከመ የደጋ በግ አጎዛ በወንበሩ ልክ ተቆርጦ፣ ከሥር በላስቲክ ተወጥሮ ሲታሰር አየር ያስተላልፋል፣ ላብ ይመጥጣል፣ ቶሎም አይጨፈለቅም። ክረምት ላይ ግን ይንቀሉት፤ ከራሰ ቀኑን ሙሉ ውሃ ላይ መቀመጥ ነው።

የአነዳድ ልማድዎም መለወጥ ይኖርበታል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ክሩዘር ረጅምና ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላ ስለሆነ የኋላ ፍሬኑ ብዙ ይሠራል፣ እግርዎም ለምዶታል። አዲሱ ላይ ፍሬን ሲይዙ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ ይቀልላል፤ የኋላውን ብቻ ቢረግጡ ይንሸራተታል። የማቆም ሥራው አብዛኛው የፊቱ ነው፤ በሁለት ጣት፣ መጀመሪያ ለስለስ አድርገው፣ ጎማው መሬቱን ሲነክስ ጨመር አድርገው ይጭመቁ። ሐረጎን እግር ፍሬን ላይ ጥለው አይውረዱት። የፍሬን ዘይቱ ዶት 4 ከሆነ አዲሱ ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ይህ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል፣ ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ 3ኛ፣ ጠባብ ኩርባ ሲመጣ ወደ 2ኛ ማርሽ ያውርዱና ሞተሩ ራሱ ይያዝልዎ። የክሩዘርዎ ሞተር በዝቅተኛ ዙርም ይይዛል፤ ይህኛው ከ4,000 ዙር በታች እምብዛም አይይዝም፣ ድምፁ ከፍ ሲል አይደንግጡ።

ቁልቁል ሲወርዱ ሰልባትዮውን በሁለት ጉልበትዎ ይጨብጡት። ክሩዘር ላይ ጉልበት ስለሚበረገድ ይህን ማንም አይለምደውም፤ የአንጓ ሕመም ግማሽ መድኃኒቱ ግን ይኸው ነው። እጅ መሪውን ለማዞር እንጂ ሰውነትን ለመሸከም አይደለም። ኩርባ ላይ ከከባድ መኪና የፈሰሰ ናፍጣ አይጠፋም፤ የሚያብለጨልጭ ነገር ካዩ ሞተሩን ቀጥ አድርገው፣ ፍሬን ሳይነኩ ይለፉት።

የጎማ አየር ለቨርሲስ 650 ከፊት 32፣ ከኋላ 36 ፒኤስአይ ነው፤ ጠዋት ሳይነዱ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ይለካ። ከደሴ ወደ ባቲ ቆላ ወርደው ቢለኩት ጎማው ስለሚሞቅ ጨምሮ ያገኙታል፤ ጎሚስታው ላስተንፍስልህ ቢል እንቢ ይበሉት። ሲቀዘቅዝ ያንሳልና። ካቴናው በየ600 ኪሎ ሜትሩ ይቀባ፣ ልልነቱ ከ25 እስከ 35 ሚ.ሜ. ይሁን፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ካቴና ሾኩን አስሮ ይይዘዋል፣ ኩሽኔታውንም ይበላል። በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ካልቸገረ በቀር አይቅዱ። ክሩዘርዎ ካርቡሬተር ከሆነ ያጥቡትና ያልፋል፤ ኢንጀክሽን ግን ውሃና ቆሻሻ ሲገባበት ፓምፑን ከሰልባትዮ ውስጥ ማውጣት ይጠይቃል።

ገንዘቡ ለጊዜው ካልሞላ ክሩዘሩንም ማሻሻል ይቻላል። ከሁሉ በፊት መርገጫውን፣ ማርሹንና የኋላ ፍሬኑን ወደ መሐል ማስመጣት ነው፤ ለብዙ ክሩዘር የተዘጋጀ መለዋወጫ አለው። ከዚያ የኋላ ሾኩን ከ25 ሚ.ሜ. ባልበለጠ በሚረዝም መተካት። ከዚያ በላይ ከሄዱ የመሪው ማዕዘን ይቀየርና ቀጥ ብሎ መሄዱ ይበላሻል። የጎን ማቆሚያውም ስለሚያጥር ሞተሩ ብዙ ያዘነብላል። በዚህ መንገድ ሕመሙ ይቀንስልዎታል፣ አይጠፋም።

ቨርሲሱን ለማየት ሲሄዱ ጎማው ላይ በሞላላ ቅርጽ የተጻፉትን አራት ቁጥሮች ያንብቡ፤ 2319 ከሆነ በ2019 23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ዓመቱ የአውሮፓ መሆኑን አይርሱ። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ከስድስት ዓመት ያለፈውን ጎማ ዋጋ ከሂሳቡ ያስቀንሱ። የፊቱን ጎማ ከመሬት አስነስተው መሪውን ቀስ ብለው ያዙሩ፤ መሐል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ አልቋል። የፊት ሾክ ዘንጎች ላይ የዘይት ክብ ካለ ጎሚኒው ያፈስሳል። የፍሬን ዘይቱ ቡና መስሎ ከጠቆረ ባለቤቱ ሌላውንም ነገር አልተንከባከበውም ብለው ይገምቱ። ሞተሩን በቆመበት ራዲያተሩ ላይ ያለው ቬንቲላተር እስኪነሳ ያሥሩት፤ ሙቀቱ ከፍ ብሎ ካልተነሳ ደሴ ፒያሳ መጨናነቅ ውስጥ ከልክ በላይ ይግልብዎታል። ሲደርሱ ሞተሩ አስቀድሞ ተነሥቶ ሞቆ ከጠበቀዎት ደግሞ ሻጩን አመስግነው በሌላ ቀን ማለዳ ይመለሱ፤ አነሣሡ መታየት ያለበት ቀዝቅዞ ሲያድር ነው።